በባሕር ዳር ከበረራ እስከ በረራ ያለውን ጊዜ ስለ መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላና ከሌሎች የጎጃም ከተሞች በባሕር ዳር በኩል የሚበሩ ወይም እንግዳ የሚቀበሉ ወገኖች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ በከተማው ከሚኖር ሰው መጠየቅን አትዘንጉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከውጭ አገር የመጣ ወንድሜ ጠዋት 2 ሰዓት ባሕር ዳር ያርፍና 9 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ጢስ ዓባይን ሳላይ አልሄድም ብሏል። ይደርስበታል?

መልስ፦ ሰባት ሰዓት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በረራው ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘትን፣ ሻንጣ መቀበልን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ መግባትና መውጣትን ስንቀንስ በእጁ የሚቀረው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከመኪና ወርዶም በእግር የሚኬድ መንገድ አለ። ደርሶ መመለሱ አራቱን ሰዓት ይጨርሳል፤ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ወይም መኪና ቢቆም ደግሞ በረራው አመለጠ ማለት ነው። ወሩም ሊታሰብበት ይገባል። የበለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከጣና የሚወጣው ውኃ ብዙው በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ፣ ፏፏቴው ሙሉ ግርማውን የሚያሳየው በክረምቱ ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። በመጋቢት የሚመጣ እንግዳ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ የሚያየው ቀጭን ውኃ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምመክረው ጀልባ ይዞ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስፍራ እንዲሄድና በዚያው ደብረ ማርያም ገዳምን እንዲሳለም ነው። ጉዞው አጭር ነው፤ ዕድል ከቀናው ጉማሬ ያያል፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችንም ያገኛል። ታንኳውን ቀረብ ብሎ ይመልከተው፦ ደንገሉ በነዶ በነዶ ታስሮ የተሠራ ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ወንድምህ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ መፍሰስ ሲጀምር በዓይኑ አይቶ ቢሄድ፣ በጥድፊያ ከታየ ፏፏቴ የበለጠ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ቲኬቱ ላይ 15:00 ይላል። አባቴ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ብለው ተጨንቀዋል።

መልስ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ስድስት ሰዓት ይቀንሱለት። ከጀልባ ነጂው ጋር ሲነጋገሩም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ከእናቴና ከእህቴ ጋር ነን፤ ስምንት ሰዓት ያህል ጊዜ አለን፤ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነው። ሴቶች የሚገቡበት ገዳም የትኛው ነው? ለእናቴስ ዓሣ ያልሆነ ምግብ ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው፤ ደግሞም ሩቅ ነው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴቶች ክፍት ነው። ስምንት ሰዓት ካላችሁና በማለዳ ከተነሣችሁ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይበልጥባችኋል። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው መንገድ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት በአባቶች ሥርዓት የተከለከለ ስለነበር ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ሲኖር ቆይቷል፤ ደኑ እስከ ዛሬ የተረፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሥርዓት ለእኛ ለጎጃሞች ትልቅ ኩራት ሊሆነን ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በጨርቅ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች ተሸፍኗል። ሥዕሎቹን በካሜራ ብልጭታ አታንሷቸው፤ በእጅም አትንኳቸው።

በጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር በኋላ ስለሚሄድ ጠዋት ላይ መጎብኘት ይቀላል፤ እሑድ ግን በተቃራኒው ነው። ነጠላ ያዙ። እናትሽ የሚመገቡት ሽሮና የጾም በያይነቱ በከተማው በየምግብ ቤቱ አለ።

ጥያቄ፦ ወደ ሐይቁ ከቀትር በኋላ መውጣት ለምን አይመከርም?

መልስ፦ ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበል ያመጣል። ያን ጊዜ ጀልባው ፍጥነቱን ስለሚቀንስ አንድ ሰዓት የታሰበው የመልስ ጉዞ ሊረዝም ይችላል፤ በረራ ለሚጠብቅ ሰው ትልቁ ሥጋት ይህ ነው። ስለዚህ ውኃውን ለጠዋት፣ ከተማውን ለከሰዓት አድርጉት። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ከነመጠበቂያው ተስማሙ፤ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይም አትውጡ።

ጥያቄ፦ እንቦጭ መንገድ ይዘጋል? ልጆች ዳር ላይ ቢዋኙስ?

መልስ፦ እንቦጩ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ልጆቹን ግን አታስዋኙ፤ በሐይቁ ቢልሃርዚያ አለ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጀልባም አይወዱም። ያለን ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

መልስ፦ በመኪና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውሰዳቸው። ኮረብታው ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከዚያ ሆነው ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድና ከተማው ከነዘንባባው ተዘርግቶ ይታያቸዋል። ስትመለሱ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እለፉ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጾም ካልሆነ ትኩስ የዓሣ ጥብስ ይመገቡ። ዓሣው ከታዘዘ በኋላ ስለሚጠበስ ይቆያል፤ ስለዚህ እንደተቀመጣችሁ እዘዙ፤ ሒሳቡንም አስቀድማችሁ ክፈሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስዳችሁን መኪና በሩ ላይ አስጠብቁ፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያቸው እንዲቀርብ በእጃቸው ይሁን።