መልስ፦ 200 ሜትር ድብልቅ ዋና ላይ ደረት ቀዘፋ ስደርስ ጉልበቴ ያልቃል

ወንድሜ፣ በድብልቅ ዋናው (ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነጻ ቀዘፋ በተራ፣ እያንዳንዱ 50 ሜትር) ቢራቢሮውንና ጀርባውን በደንብ ትዋኝና ደረት ላይ እግርህ ይከዳሃል ብለሃል። እንደኔ ችግሩ ደረት ቀዘፋህ አይደለም፤ የመጀመሪያው 50 ሜትር ነው። ቢራቢሮውን በሙሉ ኃይልህ ከሄድክ የቀረው 150 ሜትር ዕዳ መክፈል ይሆናል። ትንፋሽህን ሳትረብሽ ዋኘው። ጀርባ ላይ ደግሞ በእጅህ ሂድ፤ ደረት ቀዘፋ ከሁሉም በላይ እግር ስለሚፈልግ ቆጥብለት።

ልምምዱን በቅያሬው ላይ አድርገው። ግማሹን ቢራቢሮ ግማሹን ጀርባ፣ ከዚያ ጀርባና ደረት፣ ከዚያ ደረትና ነጻ ቀዘፋ፤ በየመሃሉ 20 ሰከንድ ብቻ አርፈህ። የሆቴል ገንዳ ቢያጥርም ለዚህ ይበቃል።

ከጀርባ ወደ ደረት ስትዞር አደራ ተጠንቀቅ! እጅህ ግድግዳውን እስኪነካ በጀርባህ መሆን አለብህ፤ ቀድመህ ወደ ደረትህ ከተገለበጥክ ትሰረዛለህ። ገንዳው ላይ በጀርባ ለሚዋኝ ሰው ግድግዳው መቅረቡን የሚያሳይ የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ስለማይኖር፣ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ ዳር ዣንጥላ አቁምና ከዚያ እስከ ግድግዳው ስንት እጅ እንደምትቀዝፍ ቁጠር። ቁጥሩ ሲደክምህ ስለሚጨምር ድካም ላይ ሆነህም ቁጠረው። ቢራቢሮና ደረት ስትጨርስ በሁለቱም እጅህ እኩል ንካ።

ፈረንሳዊው ዋናተኛ ሊዮን ማርሻን በ2023 እ.ኤ.አ. ፉኩኦካ (ጃፓን) ላይ 400 ሜትር ድብልቅ ዋናውን በ4 ደቂቃ ከ02.50 ሰከንድ ሲጨርስ የሚያሳየውን ቪዲዮ ፈልገህ እይ። ከየግድግዳው በኋላ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ብቻ ተመልከት፤ እኔ አይቼ አልጠግበውም።

አቦ፣ የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ግባ፣ የሚጠጣ ውሃም ገንዳው ጫፍ ላይ አስቀምጥ።