የጫማ ማስታወቂያ ልንቀርጽ ነው፤ ግን አልተስማማንም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምማረው ሐዋሳ ነው። ለአንድ ኮርስ በቡድን የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሥሩ ተባልንና ጫማ መረጥን። ሰፈራችን በእጁ ጫማ የሚሠራ ሰው አለ። ስንነግረው ደስ ብሎት አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አዋሰን። ከዚያ በኋላ ግን ጭቅጭቅ ብቻ ሆነ። ግማሾቹ ፍቅር ሐይቅ ሄደን ልጁ ዘሎ ውሃ ሲረግጥ በስሎው ሞሽን እንቅረጽ ይላሉ፤ ግማሾቹ ጠረጴዛ ላይ አድርገን እያዞርን እናሳየው ይላሉ። ሁሉም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ካሜራ የለንም፣ ያለን ስልክ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
ተማሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃውን ተዉት። የቆዳ ጫማ ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ግትር ይላል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰውየው ደግሞ ያዋሳችሁ እንጀራውን ነው። ሌላም ነገር አለ። ለውሃ ያልተሠራ ጫማ ውሃ ሲረግጥ ማሳየት ለገዢው “አያስገባም” ብሎ ቃል መግባት ነው። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የክፍል ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሙያውን ከአሁኑ በእውነት ጀምሩት።

የጠረጴዛው ሐሳብም አያስኬድም። እያዞሩ ማሳየትማ ማንም ሱቅ በቲክቶክ የሚያደርገው ነው።

እናንተ ጋ ያለው ትልቁ ነገር ጫማውን የሠራው ሰው ሰፈራችሁ መኖሩ ነው፣ እና ለምን እሱን እንደረሳችሁት አልገባኝም። ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ፣ ክሩ ሲጠብቅ፣ ማስቲሽ ሲቀባ፣ ሶሉ በመዶሻ ሲመታ፣ ከዚያ ያው ጫማ መንገድ ላይ ሲራመድ፤ 30 ሰከንዱ በዚህ ይሞላል፣ ብዙ ንግግርም አያስፈልገውም። ሶልሬብልስን አስቡ። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ድርጅት በዓለም የታወቀው በእጅ በተሠራ ጫማና ከአሮጌ ጎማ በወጣ ሶል ነው፣ ማለትም ከበረባሶ በወረስነው ጥበብ። የሠሪውን እጅ ማሳየት የድሃ ማስታወቂያ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ተዋናዩን በመልክ አትምረጡ፣ በእግር ቁጥር ምረጡ። ጫማው የጠበበው ልጅ አረማመዱ ያስታውቅበታል። ካልሲውንና የሱሪውን ጫፍም ቀድማችሁ እዩ፣ ፍሬሙ ውስጥ ከጫማው ቀጥሎ የሚታየው እሱ ነው።

ጥቁር ቆዳ ብርሃን ካላገኘ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ጫማው ላይ ይወድቃል። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የቆዳው ገጽና ስፌቱ ጎልተው ይወጣሉ። በሌላው ጎን ነጭ ፎም ወይም ነጭ ካርቶን ያዙለት። ሐይቁ ከከተማው በምዕራብ ስለሆነ ማታ እዚያ ብትቀርጹ ፀሐይ ከጫማው ኋላ ትሆናለች። ለመጨረሻ ሾት ጥላውን ብቻ ለማሳየት ያምራል፣ ጫማውን ለማሳየት ግን አይሆንም።

ስልኩን ገልብጣችሁ መሬት ላይ አስደግፉት። ሌንሱ ወደ ታች ሲመጣ አስፋልቱን ሊነካ ይደርሳል፣ እርምጃውም ግዙፍ ሆኖ ይታያል። በጣም ከተጠጋችሁ የጫማው አፍንጫ ያብጣል፤ ትንሽ ራቅ በሉና ባለ 2 እጥፍ ሌንስ ካለው በሱ ቅረጹ። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ አለበለዚያ እግሩ ሲያልፍ ምስሉ ይቀያየራል። ስሎው ሞሽን አንድ ሾት ላይ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አደራ! የቆዳ ጫማ አንዴ ከተራመዱበት ጣቶቹ ጋ ይሸበሸባል፣ ሶሉም ይቆሽሻል። ስለዚህ ጫማው ቆሞ የሚታይባቸውን ሾቶች መጀመሪያ ጨርሱ፣ ከዚያ እርምጃው፣ ከዚያ አቧራው። በስተመጨረሻ ተዋናዩን ሊስትሮ ጋ ወስዳችሁ ሲያስጠርግ ቅረጹት፤ ሊስትሮውን አስፈቅዱትና ሒሳቡን ክፈሉት። ጫማውም ተወልውሎ ይመለሳል።

የእርምጃውን ድምፅ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቅረጹ፣ ሐይቅ ዳር ነፋሱ ያበላሸዋል። ሙዚቃ ከኢንተርኔት እያወረዳችሁ አትለጥፉ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ጊቢያችሁ ውስጥ ክራር ወይም ጊታር የሚጫወት ልጅ አይጠፋም፣ በጽሑፍ ፈቃዱን ተቀበሉት።

ዳይሬክተር የሚባለው አንድ ሰው ነው። ክርክራችሁን ወረቀት ላይ ጨርሱ፤ ከ10 እስከ 12 ሾት በእስኪርቢቶ ሳሉ፣ ሁላችሁም ተስማሙ፣ ከዚያ ሎኬሽን ላይ የሱ ቃል ይጽና። የቀራችሁት ካሜራ፣ ድምፅና ኤዲቲንግ ተካፈሉ። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው ጫማው ብቻ ይሁን፦ ጨርቅና ብሩሽ ይዞ በየሾቱ መሃል የሚጠርግ፣ የማሰሪያው ቋጠሮ እንዳይለወጥ የሚያይ። ይሄ የተናቀ ሥራ እንዳይመስላችሁ፣ በአንዱ ሾት አቧራማ በሌላው ንጹሕ የሆነ ጫማ ኤዲቲንግ ላይ አይስተካከልም።

ከምንም በፊት ግን ሰውየው ጋ ተመለሱ። የተለበሰና የተሸበሸበ ጫማ እንደ አዲስ አይሸጥም። ልትገዙት ነው ወይስ እሱ ናሙና አድርጎ ሊያስቀረው፣ ካሜራ ሳትከፍቱ ተነጋገሩ። ሲያልቅም በስልኩ እንዲለጥፈው ቁመቱ የረዘመ ቅጂ ሥሩለት።