«ለማታውቃት ሴት ሁለት ቀን አለቀሰች»

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የምታነበው የዝነኞችን ወሬ ነው። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ምን ለበሰ፣ የማን ቤት ስንት መኝታ ክፍል አለው። በቅርቡ የምትወዳት ተዋናይት ከባሏ ተለያየች ተብሎ ሁለት ቀን አለቀሰች። ምግብም አልበላም አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አስጠልቷታል። ጓደኞችሽን አምጪያቸው ስላት «ይሄን ሳሎን ላሳያቸው?» አለችኝ። አባቷ ተናዶ ስልኳን ነጠቃት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ሁለታችንንም አታናግረንም። የእህቴ ልጅ እኩያዋ ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ነው የምትወጣው። የኔዋን ምን ነካት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከለቅሶው ልጀምር። እሱ እንደሚመስለው አያስፈራም። እኔም በልጅዎ ዕድሜ የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጬ ደብተሬ ላይ ለጥፌ ነበር። ያገባ ቀን በጣም ነው የከፋኝ።

ነገሩ ከተጠናም ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሆርተን እና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ቴሌቪዥን ተመልካቾች ጻፉ። አቅራቢው ካሜራውን እያየ ሲያወራ ተመልካቹ «እኔን ነው የሚያናግረኝ» ይላል፤ ቀን በቀን ሲደጋገም ወዳጅነት ይመስለዋል። የአንድ ወገን ወዳጅነት ነው። አንዱ ሁሉን ያውቃል፣ ሌላው ግን ያ ሰው በምድር ላይ መኖሩንም አያውቅም። ያኔ ፕሮግራሙ የሚታየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። አሁን ተዋናይቷ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ፊቷን ሳትታጠብ ልጅዎን «እንዴት አደራችሁ» ትላታለች። ስለዚህ ልጅዎ ያለቀሰችው ለማታውቃት ሴት አይደለም። ሴትየዋ አታውቃትም እንጂ እሷስ በደንብ ታውቃታለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ለወቀሳ አይደለም። እርስዎና ባለቤትዎ ሰሞኑን ሰላም ናችሁ? ልጆች አንዳንዴ ስለራሳቸው ቤት የፈሩትን በሌላ ሰው ፍቺ ያለቅሱታል። ሰላም ከሆናችሁ ይህን ይለፉት።

እኔን ያሳሰበኝ የሳሎኑ ነገር ነው። ሰው ራሱን የሚለካው ከሌላው ጋር እያስተያየ እንደሆነ ፌስቲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፏል። በተለይ የሚያስተያየው ከሚመስለው ሰው ጋር ነው። ችግሩ ስልኩ ላይ ሁሉም ሰው እኛን የሚመስል ሆኖ መታየቱ ነው። ተዋናይቷ «የአክስቴ ልጅ» ያህል ቀርባለች፤ ሳሎኗ ግን አልቀረበም። ልጅዎ ያየችው ሳሎን መብራት የተደገነበት፣ ሠራተኛ ያሰናዳው፣ ፎቶው ደግሞ የታረመ ነው። ቀሚሱም ብዙ ጊዜ የውሰት ነው።

ምግብ አልበላም ማለቷን ደግሞ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊጂ ደሴቶች ናድሮጋ በተባለ አካባቢ ቴሌቪዥን ገና ሲገባ፣ አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ የተማሪ ልጃገረዶችን የአመጋገብ ሁኔታ አጠናች። ሞላ ያለ ሰውነት የሚወደድበት አገር ነው። የአመጋገብ መዛባት ምልክት የታየባቸው ከ100 ልጃገረዶች 13 ያህሉ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ 29 ደረሱ። ልጅዎ ሁለት ቀን አኩርፋ ከተመለሰች ግድ የለም። ምግብ መዝለል ካዘወተረች፣ ስለ ውፍረቷ ደጋግማ ካወራች፣ በልታ ስትነሳ ወዲያው ሽንት ቤት ከገባች ግን ደብዳቤ አይጻፉልኝ። ባለሙያ ጋ ይውሰዷት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ የመጨረሻ መስመር። «የእህቴ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ነው የምትወጣው» ብለዋል። ይህን ልጅዎ ስንቴ ሰምታው ይሆን? ቀና ብላ እንድታያት የተነገራት የመጀመሪያዋ ዝነኛ እኮ ይህቺ ልጅ ናት። እርስዎም የሚያዩዋት ውጤት በመጣ ቀን ነው። ሌሊት ስታለቅስ፣ እናቷን ስትመልስባት አላዩዋትም። ልጅዎ ተዋናይቷን የምታየውም እንደዚሁ ነው። ዓይኗን ያስለመዳት ስልኩ ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስልኩን ይመልሱላት። የነጠቃት አባቷ ስለሆነ የሚመልሰውም እሱ ቢሆን ጥሩ ነው። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የእናንተም ጭምር። «የኔ አይሆንም» ካላችሁ ደንቡን ባታወጡት ይሻላል።

ከዚያ ወሬውን ያስወሯት። ማንቋሸሽ የለም፣ «እነዚህ ባለጌዎች» ማለት የለም። እሷ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ናት፣ እርስዎ ተማሪ ይሁኑ። እየጠየቁ ይስሟት። ይህን ፎቶ ማን አነሳው? በዚያ ሰዓት እዚያ በር ላይ ምን ይሠራ ነበር? አንዳንዴ ፎቶ አንሺውን የሚጠራው የዝነኛው የራሱ ሠራተኛ ነው። «የቅርብ ምንጮች እንደነገሩን» የሚባሉትስ እነማን ናቸው? ልጆች መታለል ይጠላሉ። ምክር ያልገባበት ጆሮ ይህን ጥያቄ ያስገባል።

የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድን ታሪክም ይንገሯት። 168 ዓመት የታተመ የእንግሊዝ የእሁድ ጋዜጣ ነበር፤ ሥራው የዝነኞች ገመና ነው። ለወሬ ሲል የሰዎችን የስልክ መልእክት ሰርቆ ያዳምጥ ነበር። የዝነኞቹ ሲሰማ ብዙ ሰው ትከሻውን ሰብቆ አለፈ። ጠፍታ በኋላ ተገድላ የተገኘች የ13 ዓመት ልጅ መልእክትም እንደተሰረቀ ሲታወቅ ግን አገር ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ጋዜጣው ተዘጋ። ልጅዎ ይህን ሰምታ ምን እንደምትል እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ። የ16 ዓመት ልጅ ስለ ፍትሕ ስትናገር እናቷን ታስደንቃለች።

ሦስት ሳምንት የቆየ ዝምታ በአንድ ቀን አይሰበርም። አባቷ ስልኩን ሲሰጣት «መንጠቄ ልክ አልነበረም» ይበላትና ይውጣ። ምክር አይጨምርበት። እርስዎም በዚያ ሰሞን የእህትዎን ልጅ ስም አያንሱባት።