«እድሌ ተከፍቷል» የሚለው ወንድሜ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ወር በቤቲንግ አምስት ጊዜ በተከታታይ በላ። ከዚያ ወዲህ «እድሌ ተከፍቷል፤ ሳይዘጋ ልጠቀምበት» እያለ የሚያስይዘውን ብር በየሳምንቱ ያሳድጋል፤ የእቁቡንም ገንዘብ መንካት ጀምሯል። እድል በእርግጥ እንዲህ ይከፈታል? እንዴትስ ላናግረው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ወንድምዎ በተከታታይ መብላቱ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ለዚህ በሰጠው ትርጉም ነው። የእያንዳንዱ ትኬት ዕድል ግማሽ በግማሽ ቢሆን እንኳ፣ አምስት አምስት ትኬት ከሚቆርጡ 1,000 ወጣቶች መካከል 31 ያህሉ ያለ ምንም የተለየ ችሎታ አምስት ጊዜ ተከታትለው ይበላሉ። ባጃጅ ተራው ላይ የሚወራው የእነዚህ ታሪክ ነው፤ የተበላው ዝም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሁለት ተመራማሪዎች ጥናት በኢንተርኔት የሚወራረዱ 776 ሰዎች ያስያዟቸውን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ውርርዶች መርምሮ፣ ተከታትለው ያሸነፉት እንደገና የማሸነፍ ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ወንድምዎ ይህን ቢሰማ «አላልኩም?» ይል ይሆናል። ምክንያቱ ግን አሸናፊዎቹ እድላቸው እንዳይዞርባቸው ሰግተው ዝቅተኛ ኦድ (ያስያዙት ብር ሲያሸንፍ የሚባዛበት ቁጥር) ያላቸውን ጨዋታዎች መምረጣቸው ነበር። ዝቅተኛ ኦድ ቶሎ ቶሎ ይገባል፤ የሚከፍለው ግን ጥቂት ስለሆነ ከሌሎቹ የተሻለ ትርፍ አላገኙም። እባክዎ የአምስቱን ትኬቶች ኦድ አብራችሁ ተመልከቱ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚያስይዘው ብር ማደጉ ነው። አምስቱን ጊዜ የበላው በትንሽ ብር ነው፤ አሁን አንድ ቀን ቢሸነፍ የሚሄደው ትልቁ ብር ነው። ብዙ ጨዋታ አንድ ላይ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 በመቶ ለራሱ ያስቀራል ብንል፣ ስድስት ጨዋታ ባለው ትኬት ላይ ከተያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 73 ብር ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ሲያናግሩት ቅዳሜ ማታ ጨዋታ እየታየ አይሁን፤ «ሞኝ» የሚል ቃልም አይውጣዎት። ከጀመረበት ቀን አንስቶ የበላውንም የተበላውንም ከስልኩ መዝገብ አውጥቶ በደብተር ላይ ራሱ እንዲደምር ይጠይቁት። የእቁቡን ድርሻ ሳያጠራቅም በየዕለቱ ለሰብሳቢው እንዲያስረክብ ይስማሙ። ዕዳ መደበቅ ወይም ማቆም ፈልጎ አለመቻል ከታየበት ግን ጉዳዩ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ሕክምና የሚፈልግ ሱስ ሊሆን ስለሚችል፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ሌላ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አብረውት ይሂዱ። እስከዚያው ዕዳውን ልርዳው ካሉ፣ ገንዘቡን ለእሱ ሳይሆን በቀጥታ ላበደረው ሰው ይስጡ።