«የእግዚአብሔር ፍቅር» ሲባል የሚወደው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለወጣቶች ጉባኤ የሚለጠፍ ጽሑፍ ስናዘጋጅ «የእግዚአብሔርን ፍቅር በኑሯችን እናሳይ» ብለን ጻፍን። አንድ ወንድማችን «እሱ ለእኛ ያለው ፍቅር ማለት ነው» አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ «የለም፣ እኛ ለእሱ ያለን ነው» አለች። ሰዋስው ለማን ይፈርዳል?

መልስ፦ ለሁለቱም። ያከራከረቻችሁ «የ» ናት።

እስቲ መጀመሪያ የቤታችንን አነጋገር እንይ። «የእናት ፍቅር ሳያገኝ አደገ» ስንል የምትወደው እናት ናት። «የአገር ፍቅር አለው» ስንል ግን አገሪቱ አይደለችም የምትወደው፤ ሰውዬው ነው። «የገንዘብ ፍቅር»ም እንደዚሁ። አሠራሩ አንድ ሆኖ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አያደናግርም፤ ገንዘብ ሰው እንደማይወድ ሁሉም ያውቃል። እግዚአብሔር ግን ይወዳልም፣ ይወደዳልም።

ግእዙም አይገላግለንም። «ፍቅረ እግዚአብሔር» ሲባል «ር» ወደ «ረ» መዞሯ ሁለቱ ቃላት መያያዛቸውን ትነግረናለች እንጂ ማን ማንን እንደወደደ አትናገርም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን «ፍቅረ እግዚአብሔር» ከ«ፍቅረ ቢጽ» ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ነገሩ ይጠራል። ቢጽ ባልንጀራ ነው። እግዚአብሔርን መውደድ፣ ባልንጀራን መውደድ ማለት ነው።

አሁን የዮሐንስን 1ኛ መልእክት ይክፈቱ። 4፥9 ላይ «በዚህ የእግዚአብሔር ፍቅር በእኛ ዘንድ ተገለጠ» ይላል፤ ወዲያው ልጁን ስለመላኩ ስለሚናገር፣ የወደደን እሱ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ 5፥3 ላይ «ትእዛዛቱን ልንጠብቅ የእግዚአብሔር ፍቅር ይህ ነውና» ይላል። ትእዛዝ ጠባቂዎቹ እኛ ነንና እዚህ ፍቅሩ የእኛ ነው። ያው አንድ መልእክት፣ ያው ሁለት ቃል!

እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ግን 3፥17 ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ወንድሙ ሲቸገር አይቶ ካልራራለት፣ «የእግዚአብሔር ፍቅር በእርሱ እንዴት ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። የማን ፍቅር? ከእግዚአብሔር የተቀበለው ቢባል ያስኬዳል፤ ለእግዚአብሔር ያለው ቢባልም ያስኬዳል። እዚህ ላይ አንዱን ምረጡ አልልም።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ስትወልድ እናቴ አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልታ፣ በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ ይዛላት ትሄድ ነበር። አራሷ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። እናቴ «አብሮ ይስጠን» ትላለች። «ልኝ»ን ልብ ይበሉልኝ፤ «በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥሽ» ማለት ነው። አራሷ ብድሩን ለእግዚአብሔር አስተላለፈችው። እናቴ ደግሞ ስጦታውን ብቻዋን አልወሰደችም፤ «አብሮ» አለች። ያን ቀን ደጃፉን ያስረገጣት እሱን መውደዷ ነው ወይስ በእሱ መወደዷ? ብትጠየቅ ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባት ነበር።

በግልጽ መለየት ሲያስፈልግ አማርኛ መንገዱን አላጣም። የመጀመሪያውን «እግዚአብሔር ለእኛ ያለው ፍቅር» ይበሉ፤ ሮሜ 5፥8ም «ለእኛ ያለውን የራሱን ፍቅር» ይላል። ሁለተኛውን ደግሞ «እግዚአብሔርን መውደድ» ይበሉ። «መውደድ» ከግስ የወጣ ስለሆነ «ን»ን ይቀበላል፤ «ን» ካለች ደግሞ የሚወደደው ማን እንደሆነ አያከራክርም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10 ላይም «ገንዘብን መውደድ» የተባለው በዚሁ መንገድ ነው።

የእናንተን ጽሑፍ ግን አልነካውም። እንዳለ ይለጠፍ፤ ከሥሩ 1ኛ ዮሐንስ 3፥17ን ጨምሩበት። ወንድማችሁና እህታችሁም እዚያው ፊት ለፊቱ ቆመው ክርክራቸውን ይቀጥሉ።