ስለ አሜሪካ ታሪክ ወረቀቱ፦ እኔ የወደቅሁበትን ገጽ ይዝለሉት

ውድ እህታችን፣ ከ1870 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ፋብሪካዎች፣ ስደተኞችና ከተሞች ለኮሌጅ ወረቀት ታዝዘው ከየት እንደሚጀምሩ ለጠየቁት፣ እኔም እንደ እርስዎ ሌሊት እየሠራሁ ያለፍኩት ኮርስ ስለሆነ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ።

1. አንድ ከተማ ብቻ ይያዙ። እኔ ቺካጎን ያዝሁ። በ1870 ወደ 300 ሺህ የነበረው ሕዝቧ፣ በ1871 አብዛኛው የመሀል ከተማዋ ክፍል ተቃጥሎ እንኳ፣ በ1890 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። የባቡር መስመሮች እዚያ ስለሚገናኙ ከብቱ ከምዕራብ መጥቶ ይታረድ፣ ሥጋው በበረዶ በሚቀዘቅዙ ፉርጎዎች ወደ ምሥራቅ ይላክ ነበር፤ መምህሬ ያመሰገኑኝ በዚህ ክፍል ብቻ ነው።

2. ስደተኞቹን በአንድ ቋት አይክተቱ። በ1880ዎቹ ከሁሉም የሚበዙት ጀርመኖች ነበሩ፤ ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና የሩሲያ አይሁዶች የበረከቱት ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ነው። ለቻይናውያን ሠራተኞች ደግሞ በሩ በ1882 በሕግ ተዘግቷል።

3. በኒው ዮርክ ወደብ የነበረው የስደተኞች መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴት፣ የተከፈተው በጥር 1892 መሆኑን አይርሱ። እኔ የተቃጠልሁት ግን በቀኑ አይደለም፤ «የደሴቱ ሹሞች መጥራት ያቃታቸውን ስም ይለውጡ ነበር» ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ በመጻፌ ነው። ለካ ስሙ የሚመዘገበው በመርከብ ኩባንያው ሠራተኞች ነበር፤ መርማሪው ከፊቱ ያለውን ያንኑ ዝርዝር ይዞ፣ ሲያስፈልግም በአስተርጓሚ፣ ጥያቄ እየጠየቀ ያመሳክር ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጣም። ብዙዎቹ ስማቸውን የለወጡት ኋላ ራሳቸው ናቸው። መምህሬ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዘው ሲ ሰጡኝ።

ወሬውን ያለ ማጣራት ያመንሁት በእኔው ስለደረሰ ነው። እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ቆሜ፣ እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን፣ ሁለተኛው የአባቴ፣ ሦስተኛው የአያቴ ስም መሆኑን ሳስረዳ፣ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ቀጣይ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። ሐኪም ቤት ተቀምጬ የአያቴ ስም ሲጠራ ዛሬም ቶሎ አልነሣም፤ ሟቹን የሚጠሩ ይመስለኛል።

ወረቀቱን አስፈቅጄ እንደገና ጽፌ ቢ አድርሼዋለሁ፤ ኤው በዚያ ገጽ ቀረ። የተሰረዘውን ገጽ ማየት ከፈለጉ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።