የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አንትሮፖሎጂን ለፈተና ማጥናት

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ትምህርት፣ ስለ አንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅንና የባህሉን ጥናት) ነው። ዓ.ም. ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በማኔጅመንት ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ዩቲዩብ ላይ የህንድ አስተማሪዎች «ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና አንትሮፖሎጂን ምረጡ፤ ትምህርቱ አጭር ነው፣ ነጥብም ያስገኛል» ሲሉ እሰማለሁ። እኛስ ጋ እንዲህ መርጦ መፈተን ይቻላል? ቪዲዮዎቹን ብከታተል ይጠቅመኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይቻልም። እኛ ጋ ለመንግሥት ሥራ ተፈታኙ በፍላጎቱ የሚመርጠው የትምህርት ዓይነት የለም። መሥሪያ ቤቱ ለክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ያወጣል፤ የሚፈለገውን የትምህርት ዝግጅት ይጠቅሳል፤ ፈተናውም ከዚያ መደብ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በማኔጅመንት ተመርቀው አንትሮፖሎጂን አንጠርጥረው ቢያውቁ እንኳ ማስታወቂያው ላይ የእርስዎ ዘርፍ ካልተጻፈ ለምዝገባ አይበቁም። ስለዚህ ለሥራ ፍለጋው ሲሉ ጊዜዎን እዚህ ላይ አያጥፉ።

የህንዱ ፈተና አሠራሩ ሌላ ነው። ማጣሪያ፣ የጽሑፍ ዋና ፈተና እና ቃለ መጠይቅ አለው። የምርጫው ትምህርት የሚመጣው በዋናው ፈተና ላይ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 250 ነጥብ የሚይዙና 3 ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ወረቀቶች አሉት። ለደረጃ ከሚቆጠረው 1750 የጽሑፍ ነጥብ ውስጥ 500ው ከዚህ ይገኛል፤ የቃለ መጠይቁ 275 ሲጨመር ድምሩ 2025 ይሆናል። እስከ 2012 ድረስ ሁለት ትምህርት ይመረጥ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ አንድ ብቻ ሆነ። አንትሮፖሎጂ የሚወደደው ዝርዝሩ ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ አጠር ስለሚልና ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ዘር ውርስ የሚናገረው ክፍል ከሳይንስ ለመጡ ተፈታኞች ስለሚቀልላቸው ነው። ነጥብ ያስገኛል የሚለውን ማስታወቂያ ግን በጥርጣሬ ይስሙት፤ ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ የሚሸጡት የማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው።

በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ስም በህንዱ የፈተና ደንብ ውስጥ አለ። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች ጥቂት አገሮች ወደ ህንድ ጠቅልለው የገቡ የህንድ ተወላጆች ለአንዳንዶቹ አገልግሎቶች መወዳደር እንደሚችሉ ይጠቅሳል። ለደብረ ብርሃን ልጅ ግን በር አይከፍትም።

ቪዲዮዎቹ የሚጠቅሙት የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተማሪን ነው፤ ያውም በከፊል። የመጀመሪያው ወረቀት ንድፈ ሐሳብን፣ ዝምድናን፣ የሰው ልጅ አመጣጥን፣ የጥናት ዘዴን ስለሚሸፍን የንባብ ቅደም ተከተል ለማውጣት ይረዳል። ሁለተኛው ግን ስለ ህንድ ጎሣዎች፣ ስለ ካስት (በትውልድ የሚወሰን የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት)፣ ስለ ህንድ ሕገ መንግሥት ነው። እሱን ዘልለው በቦታው የኢትዮጵያን ሕዝቦች ጥናት ያስገቡ።

ጥያቄ፦ የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተመራቂ ነኝ፤ የመውጫ ፈተና ይጠብቀኛል። የንድፈ ሐሳብ ሰዎቹ ስም እየተደበላለቀብኝ ነው። ከየት ልጀምር? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የዘርፍዎን የፈተና ብሉፕሪንት ከትምህርት ክፍልዎ ያግኙ። የትኛው ኮርስ ምን ያህል ድርሻ እንደያዘ የሚናገረው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ፈተና በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ የወደደውን ኮርስ ሦስት ጊዜ ያነብባል፣ ብዙ ጥያቄ የሚወጣበትን የጥናት ዘዴ ኮርስ ግን ይተወዋል።

ስሞቹ የሚደበላለቁት ለየብቻቸው ስለሚጠኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በአንድ ካርድ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፤ የት አጠና፣ መቼ፣ ከማን ጋር አልተስማማም፣ የእሱ ብቻ የሆነው ሐሳብ የቱ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰዎቹን የሚያያይዛቸው ጠባቸው ነውና። ታይለር (1871) እና ሞርጋን (1877) ኅብረተሰብ ሁሉ በአንድ መሰላል ይወጣል አሉ፤ የሞርጋን ሦስት ደረጃዎች ሳቬጀሪ (አውሬነት)፣ ባርባሪዝም (አረመኔነት)፣ ሲቪላይዜሽን (ሥልጣኔ) ናቸው። ቦአስ መሰላሉን ጣለው፤ እያንዳንዱ ባህል በራሱ ታሪክ ይመርመር አለ። ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በፓስፊክ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ተቀምጦ፣ የሕዝቡን ቋንቋ ተምሮ፣ ያለፈውን በግምት ከመተረክ ዛሬ የሚሠራውን ማየት ይሻላል አለ።

ተፈታኝ በብዛት የሚወድቅበት ማሊኖቭስኪና ራድክሊፍ-ብራውን ላይ ነው። ሁለቱም በፈንክሽናሊዝም ስም ይጠራሉ። ማሊኖቭስኪ አንድ ልማድ የሰውን ፍላጎት፣ ረሃቡን፣ ፍርሃቱን እንዴት እንደሚያሟላ ይጠይቃል። ራድክሊፍ-ብራውን ግን ልማዱ የማኅበረሰቡን መዋቅር እንዴት እንደሚያጸና ነው የሚጠይቀው። ጥያቄው ውስጥ «የግለሰብ ፍላጎት» ካዩ ወደ መጀመሪያው፣ «የመዋቅር ቀጣይነት» ካዩ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ (1940) ኑዌሮችን አጥንቶ ያለ ንጉሥ ሥርዓት እንዴት እንደሚጸና በጎሣ ቅርንጫፎች አስረዳ፤ ኑዌሮች ጋምቤላም ስላሉ እኛ ጋ ይህን ማወቅ ግድ ነው። ሌቪ-ስትሮስን ከጋብቻ ልውውጥና ከአእምሮ መዋቅር፣ ጊርትዝን ከትርጉም ፍለጋ ጋር ያያይዟቸው። የቀሩት በዚሁ መንገድ ይገባሉ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐሳቡን በአማርኛ ይረዱ፣ ቃሉን ግን በእንግሊዝኛ ያጥኑ። በአማርኛ ብቻ የተረዳ ተማሪ አራት ተመሳሳይ ምርጫ ሲቀርብለት ይደናገጣል።

ጥያቄ፦ የቅሪተ አካሎቹ ዕድሜና የተገኙበት ዓመት አልያዝ አለኝ። ደግሞ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ጋር አይስማማም። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አብዛኞቹ የአገራችን ስለሆኑ ተፈታኙ ሁሉ አውቃቸዋለሁ ይላል፤ ነጥብ የሚጠፋውም በዚሁ ነው። ከጥንት ወደ ቅርብ ይደርድሯቸው። አርዲ፣ አፋር አራሚስ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፤ በሁለት እግሯ ትሄዳለች፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ ቅርንጫፍ ይይዛል። ሰላም፣ ዲኪካ፣ 3.3 ሚሊዮን፤ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 የተገኘች ሕፃን። ድንቅነሽ (ሉሲ)፣ ሀዳር፣ 3.2 ሚሊዮን፤ ኅዳር 1974፣ ዶናልድ ጆሃንሰን፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘ። ከዚያ የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን። ለዘመናዊው ሰው ኦሞ ኪቢሽና 160 ሺህ ዓመት ያለው ሄርቶ።

መጻሕፍቱ የማይስማሙት ልኬቱ ስለሚታደስ ነው። ኦሞ ኪቢሽ በ1967 ተገኘ፤ በ2005 ዕድሜው 195 ሺህ ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ቢያንስ 230 ሺህ ገደማ መሆኑ ታተመ። በምርጫው ውስጥ አዲሱ ቁጥር ካለ እሱን፣ ከሌለ 195ን ይያዙ። ጥንታዊዎቹ የድንጋይ መሣሪያዎች ላይም እንዲሁ ነው፤ ከ2015 ወዲህ የኬንያው ሎመክዊ 3.3 ሚሊዮን ስለተባለ ጎና «የመጀመሪያው» መባሉ ቀርቷል፤ ኦልዶዋን በሚባለው የድንጋይ መሣሪያ ዓይነት ጥንታዊነት ግን ስሙ አሁንም ይነሣል።

ሁለት ስሕተቶች ዘወትር ይደጋገማሉ። አንደኛው የእነዚህን ዕድሜ በካርቦን 14 ተለካ ማለት ነው። ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አይሠራም፤ የአፋሩ ዕድሜ የሚለካው ከቅሪቱ በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለ አርጎን ነው። ሁለተኛው አንጎል አድጎ ከዚያ በሁለት እግር ተሄደ ማለት ነው። ድንቅነሽ ተቃራኒውን ነው የምታሳየው፤ ዳሌዋና ጉልበቷ የሚራመድ ሰው፣ አንጎሏ የቺምፓንዚ ያህል ነው።

ስለ ፕራይሜት (ሰው፣ ጦጣና ዝንጀሮ ስላሉበት ወገን) ሲያጠኑ ደግሞ የመንዝ ጓሳውን ጭላዳ አይርሱ። ኤፕ (እንደ ቺምፓንዚና ጎሪላ ጭራ የሌለው) አይደለም፣ ጭራ ያለው የብሉዩ ዓለም (የአፍሪካና የእስያ) ጦጣ ነው። ዋና ምግቡ ሳር ነው፤ የተዛመዱ ሴቶችና አንድ ዋና ወንድ ያሉበት ትንሽ ቡድን ሆኖ ይኖራል፤ ቡድኖቹ ተሰባስበው በመንጋ ይግጣሉ። መንዝ ሆነው ሜዳው ላይ ቆመው ሊያዩት የሚችሉትን የህንድ ተፈታኝ በፎቶ ነው የሚያጠናው።

ጥያቄ፦ ለባህል መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና «በምሳሌ አስረዱ» የሚል ይመጣል ይባላል። የአካባቢያችንን ነገር ብጽፍ ተራ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። (ከመንዝ)

መልስ፦ ተራ የሚሆነው ምሳሌው ሳይተነተን ሲቀር ነው። «በእኛ አካባቢ እድርና እቁብ አለ» ብሎ ማለፍ ነጥብ አያሰጥም። ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር በትክክል የሚገጥመውን ይምረጡና የሚገጥምበትን ቦታ ያሳዩ።

ልውውጥ ከተጠየቁ ደቦና ወንፈልን ያነጻጽሩ። ወንፈል ቀን በቀን፣ በሬ በበሬ ይቆጠራል፤ አንትሮፖሎጂስቱ ሳሊንስ ሚዛናዊ ያለው ልውውጥ ይህ ነው። በደቦ ግን ባለቤቱ እንጀራና ጠላ ያቀርባል እንጂ ቀን አይቆጥርም፤ ለመጣው ሁሉ ተራ በተራ መመለስ አይገደድም፣ ሲጠሩት የሚቀር ሰው ግን ይታማል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተፈታኝ ነጥቡን ያጣል።

የሽግግር ሥርዓት ከመጣ ቫን ጌኔፕ (1909) ሦስት ደረጃ ሰጥቷል፤ መለየት፣ መሸጋገሪያ፣ መቀላቀል። የክርስቲያን አራስ ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህ መሸጋገሪያው ነው። በክርስትናው ዕለት እናትም ሕፃንም ይቀላቀላሉ፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስትጨመር ደግሞ ያለ ደም የሚመጣ ዝምድና ይፈጠራል። አንድ ምሳሌ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል ማለት ነው።

የዘር ሐረግ ላይ ይጠንቀቁ። ብዙዎች «አማራ ፓትሪሊኒያል (ዘርን በአባት በኩል ብቻ የሚቆጥር) ነው» ይላሉ፤ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ነው። ርስት ግን በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር፤ አለን ሆበን ጎጃም ውስጥ ያጠናው ይህንኑ ሲሆን ስያሜው ኮግናቲክ ወይም አምቢሊኒያል ነው። «ነበር» ማለትን አይርሱ፤ የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ርስትን ዛሬም እንዳለ አድርጎ የጻፈ ተፈታኝ ከጥንታዊ መጽሐፍ እንደገለበጠ ይታወቅበታል።

ስለ የጋራ ሀብት አያያዝ ከመንዙ የጓሳ ሳር ምድር የተሻለ ምሳሌ በዞኑ የለም። በአጽመ ርስት መብት ያላቸው ሰዎች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ሳሩ ለ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ ለተስማሙበት ጊዜ ይከፈት ነበር፤ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ተዳከመ፤ ኋላ በማኅበረሰብ ኮሚቴ አስተዳደር ተተካ። የጋራ መሬት ባለቤት ስለሌለው ይጠፋል ለሚለው ክርክር መልስ እዚህ አለ፤ ባለቤት የሌለው መሬትና ደንብ ያለው የጋራ መሬት አንድ አይደሉም።

ከመንዝ ምሳሌ ስታመጡ ስለ አማራ ባህል የጻፈው ዶናልድ ሌቪን መጠቀሱ አይቀርም፤ ሙያው ሶሲዮሎጂ ነበርና አንትሮፖሎጂስት ብላችሁ አትጻፉ። ምሳሌያችሁንም በልኩ ወስኑት። ይፋት ቆላ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞውም በዞኑ አሉ፤ «በሰሜን ሸዋ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይከለከላል» ብሎ በጅምላ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «በክርስቲያኑ አማራ ዘንድ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የዝምድና ሥዕል እንዴት ይሣላል? (ከአጣዬ)

መልስ፦ ወንድ ሦስት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። ጋብቻ ሁለት አግድም መስመር፣ ፍቺ በእነሱ ላይ የተጋደመ ሰረዝ። ልጅ ከጋብቻው ወደ ታች በሚወርድ መስመር፣ ወንድማማች ከላያቸው በሚያገናኛቸው አግድም መስመር። የሞተ ሰው ምልክቱ ላይ ሰረዝ ይደረግበታል። ዝምድናው የሚቆጠርለትን ሰው፣ ማለትም ኢጎን፣ ቀለም ይቀቡት፤ ኢጎ ያልታወቀበት ሥዕል ዋጋ የለውም። በምህፃረ ቃል ኤስ ወንድ ልጅ ስለሆነ እህት ዜድ ናት፤ በዚህች አንዲት ፊደል የሚሳሳተው ብዙ ነው። አጎት የእናትም የአባትም ወንድም ስለሆነ ሥዕሉ ላይ የቱ መሆኑን መለየት ግድ ነው፤ የእናት ወንድም ኤምቢ፣ የአባት ወንድም ኤፍቢ።

ጥያቄ፦ ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ሰዓት አይበቃኝም። (ከአለም ከተማ)

መልስ፦ የሰዓቱን ደቂቃ ለጠቅላላው ነጥብ ያካፍሉት። በ3 ሰዓት 250 ነጥብ ቢጠየቁ ለአንድ ነጥብ 43 ሰከንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ የ10 ነጥቡ 7 ደቂቃ፣ የ15ቱ 11፣ የ20ው 14። በ7 ደቂቃ የሚጻፈው 150 ቃል ነው፤ የቃሉ ፍቺ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሐሳቡን ያመጣው ሰውና ዓመቱ በአንድ፣ ምሳሌው በአራት፣ የሐሳቡ ጉድለት በአንድ። ፍቺውን ለማሳመር ግማሹን ገጽ የሚፈጁ ተፈታኞች የመጨረሻውን ጥያቄ ባዶ ይመልሳሉ፤ በቁንጽልም ቢሆን የተመለሰ የ20 ነጥብ ጥያቄ ጥቂት ያስገኛል፣ ባዶው ግን ምንም። በቤትዎ ሲለማመዱ ሰዓቱን በስልክ ይያዙ፣ በእጅ ይጻፉ፤ በኮምፒውተር ለለመደ ሰው እጁ ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ይደክማል።